«ሲት ኢን»፤ ተቀምጦ መግባት

ለመሆኑ መቀመጥም ወንጀል ይሆናል?

«ሲት» መቀመጥ ነው፤ «ኢን» ደግሞ ውስጥ። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን «ውስጥ መቀመጥ» ብለን ብንተረጉም ነገሩ ያመልጠናል። የእንግሊዝኛ ጣጣው ይኼ ነው፤ ትንሿ ቃል ግሱን ይዛው ትሄዳለች። በተራ ወሬ «ሲት ኢን» ማለት ሳይመዘገቡ ክፍል ገብቶ ሌክቸር ማዳመጥ፣ ወይም የባንዱ አባል ሳይሆኑ ለአንድ ምሽት አብሮ መጫወት ነው። በሁለቱም ላይ ተቀማጩ እንግዳ ነው፤ ወንበሩ የሱ አይደለም።

ይኼንን የእንግዳ ቃል የመብት ቃል ያደረጉት ተማሪዎች ናቸው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የካቲት ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1960፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዉልዎርዝ ከሚባለው ሱቅ ገቡ። ኢዝል ብሌር፣ ፍራንክሊን ማኬይን፣ ጆሴፍ ማክኒልና ዴቪድ ሪችመንድ ይባላሉ። መጀመሪያ ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ገንዘባቸውን የመለሰባቸው የለም። ከዚያ ለነጮች ብቻ ከተፈቀደው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። «አይቻልም» ተባሉ። አልተነሡም፤ ሱቁ እስኪዘጋ ቁጭ አሉ። በማግስቱ ከሃያ በላይ ሆነው ተመለሱ። እስከ መጋቢት መጨረሻ አድማው 55 ከተሞች ደረሰ። ሐምሌ 25 ቀን ባንኮኒው ለጥቁሮችም ተከፈተ።

እንግዲህ ድርጊቱ ከስሙ ይቀድማል። በ1939፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አምስት ጥቁር ወጣቶች የቤተ መጻሕፍት ካርድ ሲከለከሉ መጽሐፍ አንሥተው ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ወሰዳቸው። ክሱም ሥርዓት ማወክ ነበር! ከዚያም በፊት፣ ከ1936 መጨረሻ እስከ 1937 መጀመሪያ፣ የፍሊንት ከተማ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ከማሽኖቻቸው አጠገብ ተቀምጠው 44 ቀን አድመዋል። ያ አድማ «ሲት ዳውን» ይባል ነበር፤ «ወደ ታች» ማለት ነው። ተማሪዎቹ ዘንድ «ወደ ታች» ቀርቶ «ወደ ውስጥ» መጣ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሠራተኛው ቀድሞውንም ፋብሪካው ውስጥ ነበር፤ ጥቁሩ ተማሪ ግን ውጭ ነው የተባለው። የጠየቀውም ቡና ብቻ አልነበረም፤ ያቺን «ኢን»ን ነበር።

ከዚያ ወዲያ «ኢን» ብቻዋን እግር አወጣች። በ1965 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲወያዩ አድረው ጉባኤያቸውን «ቲች ኢን» አሉት። በ1968 ደግሞ በቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራም ስም ውስጥ ገባች።

ቃል ሲዘወተር ይረክሳል። የዚያ ባንኮኒ ቁራጭ ግን፣ ከነወንበሮቹ፣ ዛሬ ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። መዝገበ ቃላት ትርጉሙን ይነግረናል፤ ዋጋውን የሚነግሩን እነዚያ ወንበሮች ናቸው።