የመክፈት ሥልጣን፦ የፋይል ማኔጀርና የሳንድቦክስ ታሪክ

ሳንድቦክስ አንድ ፕሮግራም ከተፈቀዱለት ፋይሎችና አገልግሎቶች አልፎ ሌላውን የኮምፒውተሩን ክፍል እንዳይነካ የሚያግድ የጥበቃ ስልት ሲሆን፣ ዓላማውም ፕሮግራሙ በተንኮል የተዘጋጀ ሰነድ ከፍቶ ቢጠለፍ እንኳ ጉዳቱ በታጠረለት ክልል ተወስኖ እንዲቀር ማድረግ ነው። ይህ ስልት ከጊዜ ወደ ጊዜ የኢንተርኔት ማሰሻዎችንና የሰነድ ማንበቢያዎችን ሲያጥር፣ ፎልደሮችንና ፋይሎችን በመስኮት የሚዘረዝረው ፋይል ማኔጀር ግን በአብዛኛው ከአጥሩ ውጭ ቀርቷል። ለዚህ ምክንያቱ የሠሪዎቹ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ የተጠቃሚውን ፋይሎች ሁሉ ማሳየት፣ ማዛወር፣ መሰረዝና ሌሎች ፕሮግራሞችን ማስነሳት በመሆኑ ሰፊ መብት ሊሰጠው ግድ ሆኗል።

የችግሩ ሥር ከግል ኮምፒውተር መስፋፋት ይቀድማል። በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፋይል ፈቃድን የሚለየው በሰው እንጂ በፕሮግራም አልነበረም፤ በአንድ የጋራ ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይነካ መከልከሉ በቂ መስሎ በመታየቱ፣ አንድ ሰው ያስነሳው ፕሮግራም ሁሉ የዚያን ሰው ሙሉ መብት ይዞ ይሠራ ነበር። ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በ1975 ባሳተሙት ጥናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው የሚበቃውን ያህል መብት ብቻ ሊኖረው እንደሚገባ አስረግጠው ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ መርሑ በየዕለቱ በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ላይ ሳይውል ብዙ ዓመታት አለፉ።

የመብት መደባለቅ የሚያመጣውን ጣጣ ከሁሉ በላይ አጥርቶ ያሳየው ኖርማን ሃርዲ በ1988 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በታይምሼር ኩባንያ ስለነበረ አንድ ኮምፓይለር፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን ማሽኑ ወደሚፈጽመው ቋንቋ ስለሚለውጥ ፕሮግራም ይተርካል። ኮምፓይለሩ የአጠቃቀም መረጃ እንዲመዘግብ ሲባል ራሱ በተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ የመጻፍ ፈቃድ ነበረው፤ በዚያው ፎልደር ደግሞ የደንበኞች ሂሳብ የሚያዝበት ፋይል ይገኝ ነበር። አንድ ተጠቃሚ የሥራው ውጤት እንዲጻፍበት የዚህኑ የሂሳብ ፋይል ስም ሲሰጥ፣ ኮምፓይለሩ ትእዛዙን ከተጠቃሚው፣ ፈቃዱን ግን ከራሱ ወስዶ በመዝገቡ ላይ ጻፈበትና አጠፋው። ተጠቃሚው ያን ፋይል የመንካት መብት አልነበረውም፤ ኮምፓይለሩም የተሰጠውን ፈቃድ አልተላለፈም። ጥፋቱ የተፈጸመው የአንዱ ቃል ከሌላው ሥልጣን ጋር በመገናኘቱ ነው። ሃርዲ ስለ ፋይል ማኔጀር አልጻፈም፤ ነገር ግን ምንጩ ከማይታወቅ ፋይል የሚነገረውን አምኖ በተጠቃሚው ሙሉ መብት የሚሠራ ፕሮግራም የሚገባበትን አደጋ ከእርሱ የተሻለ የገለጸ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1981 ለገበያ የቀረበው ዜሮክስ ስታርና በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ፋይልን በሥዕል ምልክት ማሳየትን ሲያስለምዱ፣ አብሮ የመጣ አንድ ውሳኔ ነበር፤ ይኸውም ሰነድን ማየትና ፕሮግራምን ማስነሳት በማኪንቶሽም ሆነ በተከታዮቹ በአንድ ዓይነት ጠቅታ የሚፈጸሙ መሆናቸው ነው። ለተጠቃሚው የተመቸው ይህ አሠራር የትኛው ጠቅታ ማንበብ፣ የትኛው ማዘዝ እንደሆነ የመለየቱን ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በፋይል ማኔጀሩ ላይ ጣለ። ቀጥሎም ፋይል ማኔጀሮች የፋይሉን ይዘት በትንሽ ምስል አስቀድመው ማሳየት ሲጀምሩ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ፎልደሩን መክፈቱ ብቻ የማይታወቁ ፋይሎች እንዲነበቡ የሚያደርግ ሆነ። በ2010 የተገኘው ስተክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ትል ይህን ክፍተት ተጠቅሞበታል፤ በፍላሽ ዲስክ ላይ የተቀመጡ ሾርትከቶችን ምልክት ለማሳየት የዊንዶውስ ፋይል ማኔጀር ሲሞክር፣ ምልክቱን ለማግኘት የሚጫነው ፋይል ራሱ የትሉ ኮድ ነበር።

ሳንድቦክስን ከፋይል ማኔጀር ጋር በቀጥታ ያጋጨው ክስተት ግን የታየው በ2017 ነው። ሰብግራፍ የተባለው፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የጥበቃ ሥርዓት፣ የፒዲኤፍ ማንበቢያንና መሰል ፕሮግራሞችን በሳንድቦክስ ያጥር ነበር፤ ናውቲለስ የተባለው ፋይል ማኔጀር ግን ከአጥሩ ውጭ ነበር። በሊኑክስ ፕሮግራምን ለማስነሳት የሚያገለግል፣ የሚታየውን ስምና ምልክት እንዲሁም የሚፈጸመውን ትእዛዝ በውስጡ የያዘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ናውቲለስም የፋይሉን ትክክለኛ ስም ትቶ በውስጡ የተጻፈውን ስም ያሳይ ነበር። በመሆኑም ይህን ፋይል የፒዲኤፍ ስምና ምልክት አልብሶ በታመቀ ጥቅል የላከ አጥቂ፣ ተቀባዩ ሰነድ የሚያነብ መስሎት ጠቅ ሲያደርግ ትእዛዙን ከሳንድቦክሱ ውጭ ማስፈጸም ይችል ነበር። በጥንቃቄ የታጠረው ማንበቢያ በነገሩ አልተነካም፤ ጥቃቱ እርሱን ጨርሶ አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲህ ናውቲለስ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ተጠቃሚው ሳያረጋግጥ እንዳያስነሳ ተደረገ፤ ናውቲለስ የሚገኝበት የሊኑክስ ዴስክቶፕ፣ ግኖም፣ በዚያው ዓመት በወጣው 3.26 እትሙ ደግሞ ትናንሽ ምስሎችን የሚያዘጋጁትን ረዳት ፕሮግራሞች በሳንድቦክስ አጠረ። ሆኖም በ2019 ኬዲኢ በተባለው ሌላው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ተመሳሳይ ጉድለት ተገኘ፤ የፎልደርን ምልክት የሚወስነው የቅንብር ፋይል ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቀድ ስለነበር፣ ፎልደሩን ማየት ብቻ ትእዛዙን ያስፈጽም ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ችሎታ ከነጭራሹ አስወገዱት፤ የተሻለውም መንገድ ይኸው ነበር፣ ምልክት ለማሳየት ትእዛዝ ማስፈጸም የሚያስፈልግበት በቂ ምክንያት የለምና።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆን ሐሳብ ቀደም ብሎ ተሞክሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ካፕዴስክ የተባለው የሙከራ ሥርዓት፣ ተጠቃሚው አንድን ፋይል መምረጡን ለዚያ ፋይል ብቻ እንደተሰጠ ፈቃድ ይቆጥረው ነበር፤ ፕሮግራሙ ከተመረጠለት ፋይል በቀር ሌላ አያገኝም። አፕል በ2012 በማክ የመተግበሪያ መደብሩ ለሚሸጡ ፕሮግራሞች ሳንድቦክስን ግዴታ ሲያደርግ፣ የፋይል መምረጫው መስኮት ከፕሮግራሙ ውጭ ሆኖ ፈቃዱን እንዲያስተላልፍ ያደረገው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ በሊኑክስ ፕሮግራሞችን በሳንድቦክስ አጥሮ የሚያቀርበው የፍላትፓክ ሥርዓትም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። ይህ አሠራር ሰነድ ለሚከፍቱ ፕሮግራሞች በእጅጉ ተስማምቷል። ራሱ ፋይል ማኔጀሩ በፍላትፓክ ሲቀርብ ግን ያለ ሰፊ የፋይል ፈቃድ ሥራውን መሥራት ስለማይችል፣ ፈቃዱ ለፕሮግራሙ በጅምላ ይሰጠዋል።