ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)

ግሬይ የሰውነት ክፍል ከጨረር የተቀበለው ኃይል መለኪያ ነው። እያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል 1 ጁል ኃይል ሲቀበል መጠኑ 1 ግሬይ ይባላል። ስያሜው የተወሰደው ከእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ነው። በሕክምና ወረቀትዎ ላይ በሴንቲግሬይ ተጽፎ ሊያዩት ይችላሉ፤ 100 ሴንቲግሬይ 1 ግሬይ ነው።

ጨረሩ እንዴት ይሠራል?
በማሞቅ አይደለም። 2 ግሬይ ውሃን በዲግሪ አንድ ሺህኛ እንኳ አያሞቅም። የሚሠራው የካንሰር ሴሎችን ዲኤንኤ በመጉዳትና እንዳይራቡ በማድረግ ነው።

ለምን በአንድ ቀን አይሰጥም?
ለምሳሌ 50 ግሬይ የታዘዘለት ሰው በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በመካከሉ ጤነኛ ሴሎች ራሳቸውን ይጠግናሉ፤ የካንሰር ሴሎች ግን በአብዛኛው እንደ እነሱ መጠገን አይችሉም።

ቁጥሩን ከሌላ ሰው ጋር አያወዳድሩ
ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር የሚያስከትለውን ሕመም ለማስታገስ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ በቂ ሊሆን ይችላል። መጠኑ እንደ ካንሰሩ ዓይነት፣ እንደ ቦታውና እንደ ሕክምናው ዓላማ ይለያያል። ትንሽ ቁጥር ደካማ ሕክምና ማለት አይደለም፤ ትልቅ ቁጥርም በሽታው ጸንቷል ማለት አይደለም።

ቀጠሮ አይዝለሉ
ሕክምናው ሲቋረጥ የቀሩት የካንሰር ሴሎች እንደገና ሊራቡ ይችላሉ። ቆዳዎ ከተቆጣ፣ መዋጥ ካቃተዎት ወይም መመላለሱ ከከበደዎት፣ ከመቅረትዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። አንድ ቀን ካመለጠዎትም ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ማካካሻውን የሕክምና ቡድኑ ያስተካክላል።