ስለ «ድራጎን» ጀልባ ስያሜና ስለ ጥቂት የባሕር ቃላት

በአንድ የስፖርት ጽሑፍ የትርጉም ረቂቅ ላይ «የዘንዶ ጀልባ» የሚል ሐረግ በቅርቡ አጋጠመኝ። ተርጓሚው ሊያመለክት የፈለገው በሸራ የምትሄደውን ትንሽ የእሽቅድምድም ጀልባ ነው። ሐረጉን የሚያነብ ሰው ግን ብዙ ቀዛፊዎች በከበሮ ምት የሚቀዝፉትን የቻይና ረጅም ታንኳ ማሰቡ አይቀርም። ሁለቱ በስም ካልሆነ በቀር በምንም አይገናኙም። የስሙን ታሪክ መመርመር ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጀልባዋን በ1929 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነደፈው ኖርዌጃዊው ዮሃን አንከር ነው። መነሻው በስዊድን የጎተንበርግ ንጉሣዊ የጀልባ ማኅበር ያቀረበው ጥሪ ነበር፤ የተፈለገውም ወጣቶች በአነስተኛ ዋጋ ሊያሠሯት፣ በበዓል ቀን ከወዳጅ ጋር ሊንሸራሸሩባት፣ ሲሹም ሊሽቀዳደሙባት የሚችሉ ጀልባ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለት መኝታዎች ነበሯት። ርዝመቷ 8.90 ሜትር፣ ክብደቷ 1,700 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በውድድር ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰዎች ይመሯታል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። «አንከር» በኖርዌጅኛ መልህቅ ማለት ነው። በስዊድንኛ ደግሞ «ድራግ» ባለ ብዙ መንጠቆ ትንሽ መልህቅን ያመለክታል፤ የተወሳኝነት ምዕላድ ሲጨመርበት «ድራገን» ይሆናል። እንደሚተረከው የጀልባዋ ስም በነዳፊው የቤተሰብ ስም ላይ የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነበር፤ እንግሊዞች ግን ድምፁን ሰምተው «ድራጎን» አሉት። ትረካው እውነት ከሆነ መልህቁ በአንድ የመስማት ስሕተት ዘንዶ ሆነ ማለት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ስሕተቱ ወደ አገሩ መመለሱ ነው፤ ዛሬ ስዊድኖችና ዴንማርኮች ጀልባዋን የሚጠሩት በየቋንቋቸው ዘንዶ በሚለው ቃል ነው። እኛም «ዘንዶ» ብንላት የሦስተኛ እጅ ትርጉም እንጨምርበታለን። ስለዚህ በበኩሌ «ድራጎን» እንደ ተጸውዖ ስም ሳይተረጎም እንዲቀመጥ እሻለሁ።

አንከር በ1940 ስለ ሞተ፣ ሥራው በ1948 ለኦሎምፒክ ስትበቃ አላየም። ጀልባዋ ከዚያ እስከ 1972 በኦሎምፒክ ቆይታለች። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960 ጨዋታ፣ የግሪኩ አልጋ ወራሽ ቆስጠንጢኖስ በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ ወርቅ ያገኘው በድራጎን ነው።

ለቃል አውጪ ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ዓይነቷ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የውድድር ጀልባዎች አብዛኞቹ በቀመር የተወሰኑ ነበሩ፤ ቀመሩ እስካልተጣሰ ድረስ እያንዳንዱ ነዳፊ የራሱን ቅርጽ ይሠራል። ገንዘብ ያለው በየዓመቱ አዲስ እያሠራ የድሀውን ጀልባ ያስረጃል። በ1887 በደብሊን አጠገብ የተጀመረው «ዋተር ዋግ» ለዚህ መላ አመጣ፤ ጀልባዎቹ ሁሉ በአንድ ንድፍ ይሠሩና ፉክክሩ በባለሙያነት ብቻ ይሆናል። ድራጎንም የዚሁ ሥርዐት ልጅ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከእንጨት ወደ ፋይበር ግላስ ስትሸጋገር እንኳ ቅርጿ ተጠብቋል። ይህን ሥርዐት «አንድ ንድፍ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው የነደፈውን አንድ ሥዕል ብቻ የሚያመለክት ይመስላል። «ወጥ ንድፍ» ይሻላል እላለሁ። «ወጥ ድንጋይ» ስንል የምናስበው ያለ መቀጣጠል አንድ የሆነውን ነው፤ «ወጥ አሠራር» ስንልም ከቦታ ቦታ የማይለዋወጠውን። በማዕድ ላይ ያለው ወጥ ይደባለቅብናል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ዐውዱ ይለየዋል።

ከጀልባዋ ግርጌ ያለው ከባድ የብረት ክፍል ሌላ ጣጣ ነው። ነፋስ ሸራውን ከጎን ሲመታው ጀልባይቱን ያንሸራትታታል፣ ያጋድላታልም፤ ይህ ክፍል በስፋቱ መንሸራተቷን ይቃወማል፣ በክብደቱም ቀና ያደርጋታል። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ጠፍጣፋና ሸራ አልባ ስለሆነ እንዲህ ያለ አካል አላስፈለገውም፤ ቃሉም ስለዚህ የለንም። «አከርካሪ» ያሉ አሉ። አከርካሪ ግን የመርከብን አጥንቶች የሚያያይዘውን ረጅም እንጨት ለመጥራት የተሻለ ነው፣ ክብደትን አያመለክትም። «ልበ ሙሉ»፣ «አንገተ ረጅም» በምንልበት መንገድ ዓይነቷን «ሥረ ከባድ ጀልባ»፣ ክፍሉን ራሱን «ከባድ ሥር» ብንለው ሥራውን ይናገራል።

ሸራው ለሚሰቀልበት ግንድ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ከዐረብኛው ጋር የሚዛመደው «ደቀል» በግእዝም በአማርኛም መጻሕፍት አለ፤ በረቂቁ ላይ ግን «የሸራ እንጨት» ተብሎ ተጽፏል። የዛሬ ድራጎኖች ደቀል ደግሞ አሉሚኒየም ነው።