ኔጋቲቩን ንቀለው

በአዲስ አበባ ጋራዦች የቆየ አንድ ፍተሻ አለ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጌታው ወደ ረዳቱ ዞሮ «ኔጋቲቩን ንቀለው!» ይላል። የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው፤ ከጠፋ ይፈታል። መሣሪያ አይጠይቅ፣ ሒሳብ አይጠይቅ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሳስተምር የኖርኩት በአብዛኛው ይህችን ልማድ ከተማሪዎቼ እጅ ለማስለቀቅ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ልማዷ ሞኝነት አልነበረችም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ካሚዮኑና ጋራዡ እዚሁ ቀረ፤ ከሰዎቹም በሺህ የሚቆጠሩት አልሄዱም። የከተማው ልጅ ቁልፍ እያቀበለ፣ ካንዴላ እየጠረገ፣ ፍሪሲዮን ሲወርድ እያየ ሙያ ለመደ። ደብተር የለም፤ ጌታህ የሚያደርገውን ታያለህ፣ ትደግማለህ። በነዚያ መኪኖች ላይ ደግሞ ፍተሻው ይሠራ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ዛሬ ተግባረ ዕድ የምንለው የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚያ የሚጀመረው ከመኪና አይደለም። ከሞርሳና ከሞረድ ነው። ቁራጭ ብረት ይሰጥሃል፤ ስኳድራ ሲደገፍበት ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ ትሞርዳለህ። ቀጥሎ ንድፍ ማንበብ፣ በካሊብሮ መለካት፣ ቮልትና አምፔር። ጋራዦቹ ይስቁ ነበር፤ ብረት ሲሞርድ ከርሞ ጎማ መፍታት የማይችል እያሉ። እውነት አላቸው፣ ተመራቂው መጀመሪያ ላይ ዘገምተኛ ነው። የጋራዥ ልጅ በድምፅ ብቻ የሚያውቀውን እርሱ ፈትቶ ያያል።

ልዩነቱ የሚታየው መኪናው ሲለወጥ ነው። አሮጌው ቮልስ የሚሞላው በዲናሞ ነበር። በደርግ ዘመን ከተማውን የሞላው ላዳ ግን አልተርኔተር ይዞ መጣ። ጋራዡ ሁለቱንም ዲናሞ ይላቸዋል፤ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ለባትሪ እንዲሆን ወደ ቀጥታ የሚመልሱት ዳዮዶች ናቸው። ሞተሩ እየዞረ ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ይወነጨፋል፣ ዳዮዱም ሊቃጠል ይችላል። ደህና ሆኖ የገባ ላዳ ታሞ ይወጣ ነበር፤ ስድቡን ግን «የሩሲያ ዕቃ» ነው የተሸከመው። ኮምፒውተር ያለው ቪትዝ ሲመጣ ያችው ልማድ ከአልተርኔተሩ የሚወደድ ሳጥን ታበላሽ ጀመር።

ዕውቀት በሰው እጅ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከዚህ በፊትም አይተናል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲያቀልጡ ያዘዟቸው የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ከሸፈባቸው፣ ደገሙ፤ ከሀገሬው ሠራተኞች ጋር እየተማሩ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ሰዎቹ ሄዱ፤ ጋፋትም በዚያው ቀረ።

ከተግባረ ዕድ በኋላ የመጣውን የሥልጠና ሥርዓት በአንድ ቃል አልኮንነውም። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ ብዙ ወጣት ገባበት፤ ከ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ወዲህ ደግሞ በደረጃ ተከፍሎ የብቃት ምዘና መጣ። ክፍል ገብቶ የማያውቅ ባትላሜራ ተመዝኖ የሙያ ወረቀት መያዝ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥርዓቱን አመሰግናለሁ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ሙያውን በተግባር ዝርዝር ከፋፍለህ «ይህን ይፈታል፣ ያንን ይቀይራል» ብለህ ስትጽፈው፣ ዝርዝሩ ከተጻፈለት መኪና ጋር አብሮ ያረጃል።

እነሆ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ አስታወቀ። ጋራዡ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በአብዛኛው በ12 ቮልት ነው፤ ሽቦ አነካክቶ ፍንጣሪ ማየት ጣት ቢለበልብ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካንማዎቹ ገመዶች ውስጥ ግን 400 ቮልት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለ። ፍንጣሪ ሊያይ የነካ ሰው ሁለተኛ ላይነካ ይችላል። መኪናው ይጠፋል፣ ጓንት ተደርጎ የባትሪው መነጠያ ይነቀላል፣ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወርድ ደቂቃዎች ይጠበቃል፣ ከዚያ ጓንቱ ሳይወልቅ በቴስተር ይለካል። ባትላሜራውም ብየዳ ከመለኮሱ በፊት ገመዱ በየት እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት።

አሁን በየቦታው የአጭር ጊዜ ሥልጠና ተጀምሯል። ብርቱካንማውን አትንኩ ይባላል፤ ደግ ነው፣ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ሙያ አይደለም። የአልተርኔተር ነገር የገባው ሰው ብዙ አይቸገርም። እዚያ ዳዮዱ ተለዋዋጩን ወደ ቀጥታ ይመልስ ነበር፤ እዚህ ኢንቨርተሩ የባትሪውን ቀጥታ ወደ ተለዋዋጭ ቀይሮ ለሞተሩ ይሰጣል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ሞተሩ ራሱ አልተርኔተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል።