ከዱቄቱ በፊት

ባለፈው የመስቀል ሰሞን፣ ሐድያዎች ያሆዴን በሚያከብሩበት ወቅት፣ ሆሳዕና እናቴ ቤት ነበርኩ። ከአዲስ አበባ አብራኝ የመጣችው የእህቴ ልጅ ጓዳ ገብታ፣ «ዛሬ የቸኮሌት ብስኩት እንጋግራለን። የሱቅ ሳይሆን፣ እኛው ከመጀመሪያው የምንሠራው!» ስትል አወጀች። እናቴ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አንድ በአንድ አዩት፤ በከረጢት የታሸገ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ለጋ ቅቤ፣ ታናሽ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ በሰው እጅ የላከው የካካዎ ጣሳ። ከዚያም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ አንቺ የምትጀምሪው ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው» አሏት።

ነገሩ እንደ ቀልድ ታለፈ። እኔን ግን ሲከነክነኝ ዋለ። ለመሆኑ የአንድ ብስኩት መጀመሪያው የት ነው?

በቅቤው እንነሳ። በሐድያና በከምባታ ቅቤ የሴቶች ሀብት ነው። የአንዲት ቤት ላም ብቻዋን ለበዓል የሚበቃ ቅቤ ስለማትሰጥ፣ ሴቶች ዊጆ ገብተው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ተራ የደረሳት ሴት የሁሉንም በአንድ ላይ ትወስዳለች። ቡላው በቅቤና በወተት የሚበስልበት የያሆዴ አታካና ያለ ዊጆ ባልሞላ ነበር። ስንዴውም ቢሆን የደጋው ማሳ ሰብል ነው። ዳቦውም ኮባ ተጠቅልሎ፣ ከሥርም ከላይም ፍም እየተደረገለት ሲጋገር የኖረ ነው። እንግዲህ ቅቤው፣ ዱቄቱ፣ እንቁላሉና እሳቱ የራሳችን ነበሩ ማለት ነው።

የቀረው በየዘመኑ የመጣ ነው። ጣሊያንኛው «ፎርኖ» ምድጃ ማለት ሲሆን እኛ ዘንድ ፉርኖ ተብሎ የዳቦ ስም ሆኖ ቀረ። ብዙ ቤት ምድጃው ሳይገባ ስሙ ገባ ማለት ነው! ስኳሩ በሰፊው በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው፤ ፋብሪካውን ያቋቋመው የሆላንዶች ኩባንያ ነበር። ሆላንዶች በዚህ ብስኩት ውስጥ እጃቸው የገባው በስኳሩ ብቻ አይደለም። የካካዎን ፍሬ ጨምቆ ቅባቱን በመለየት ዱቄት ለማድረግ ያስቻለው መጭመቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1828 የቫን ሁተን ቤተሰብ መብት ያስመዘገበበት፣ የእነሱ ሥራ ነው። «ኩኪ» የሚለውም ቃል ከቋንቋቸው የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ኬክ ነው። የቸኮሌት ቁርጥራጭ ያለበትን ብስኩት ያስለመዱት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድሩ የነበሩት ሩት ዌክፊልድ ናቸው። የካካዎ ዛፍ በበኩሉ ሙቀትና እርጥበት የሚወድ የቆላ ተክል ነው፤ የሆሳዕና ብርድ አይስማማውም።

ወደ ጓዳችን ልመለስ። ልጅቱ ለጋውን ቅቤ ከስኳሩ ጋር መታች፤ ሁለት የሐበሻ እንቁላል ጨመረች፤ ሁለት ብርጭቆ ዱቄት፣ ሲሶ ብርጭቆ ካካዎ፣ ጥቂት ጨውና ቤኪንግ ፓውደር አክላ ለወሰች፤ ትንንሽ አድርጋም አድበለበለች። የመጀመሪያው ዙር ግን ተንጣሎ ከሥሩ አረረ። ጥፋቱ የከፍታው ጭምር ነበር። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ይደፋል። የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን በግማሽ ቀነሰች። እሳቱን ግን ያስተካከሉት እናቴ ናቸው። የብረት ድስቱን ሥር ፍም በአመድ አለዘቡ፤ ክዳኑ ላይ ግን ፍም አበዙ። «ዳቦም እንዲሁ ነው፤ እሳቱ ከላይ ይበርታ» አሉ። ሁለተኛው ዙር ጠርዙ ደረቅ፣ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ ወጣ።

ሁላችንም ስንበላ እናቴ ጣሳውን እያገላበጡ ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ስንቱ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ የማያውቅ የለም። መንገዱም ምን እንደሚመስል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባለው ግዛት፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው 64 ሰዎች ሞተው ተገኝተዋል። ወንድሜ ያለፈው በዚያ መንገድ ነው። ደርሷል፤ ጣሳውንም ልኳል። የእናቴ ብስኩት የሚጀምረው ግን እሱ ከቤት በወጣበት ሌሊት ነው።

በማግስቱ ጣሳው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ልትጥለው ስትል እናቴ ተቀበሏት። አጥበው ፀሐይ ላይ ደፉት። ዛሬ የዊጆ ቅቤ መስፈሪያ ሆኗል።