ቮይቼኽ ማን ነው?

ኳስ ስናይ አንድ ወዳጄ የፖላንዳዊውን ግብ ጠባቂ የሼዝኒን የመጀመሪያ ስም ፊደል በፊደል አነበበና «ዎጅሲች» አለው። ፖላንዶች «ቮይቼኽ» ነው የሚሉት፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ድምፅ ደግሞ የእኛው «ኽ» ሳይቸገር ይጽፈዋል። ስሙ ጥንታዊ ነው፤ ከሁለት የስላቭ ቃላት የተገጠመ። «ቮይ» ጦረኛ ነው፣ «ቼኽ» ደግሞ ደስታ። «በጦርነት ደስ የሚለው» ብለው የሚፈቱት አሉ። ነገሩ ከእኛ የፈረስ ስሞች ጋር ይቀራረባል፤ «አባ ታጠቅ» ሲባል ፉከራው እንደሚሰማው ማለት ነው። የሚገርመው ግን ስሙን ያስከበረው ጦረኛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ997 ፕሩሲያ ውስጥ ወንጌል ሲሰብክ የተገደለው የፕራጉ ጳጳስ ቅዱስ ቮይቼኽ ነው። በሌሎች አገሮች «አዳልበርት» ይባላል፤ ይህ ግን የቮይቼኽ ትርጉም አይደለም፣ ከመምህሩ ከማግደቡርጉ ሊቀ ጳጳስ የወሰደው ሌላ ስም ነው። ፖላንዶች ቮይቼኽን ሲያቆላምጡት «ቮይቴክ» ይሉታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፖላንድ ወታደሮች ጋር የዘመተው ድብም ስሙ ይኸው ነበር። ፍቺውን በአማርኛ ስጠን ካላችሁኝ «የዘማች ደስታ» እላለሁ። ስሙን ግን አትተርጉሙት፤ ቮይቼኽ ብላችሁ ጥሩት።