በሽታውን የደበቀ፦ ወጣቶችና የፀረ ኤድስ ትምህርት በኢትዮጵያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል ለጤና ባለሙያ ትልቅ ምክር ነው። በምክሩ ውስጥ ግን አንድ ተስፋ አለ፤ ይኸውም በሽታውን የገለጠ ሰው መድኃኒት ያገኛል የሚል ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ወጣቱን «ተመርመር፤ አትደብቅ» ብሎ ማስተማር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ከፀረ ኤድስ ትምህርት ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መኖር በደም ምርመራ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን በ1986 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ለሕዝቡ፣ በተለይም ለተማሪው ወጣት የተሰጠው ትምህርት በአመዛኙ በፍርሃት ላይ የተመሠረተ ነበር። በሽታው ገዳይ መሆኑ፣ መድኃኒትም ሆነ ክትባት እንደሌለው በጽሑፍ፣ በሥዕልና በራዲዮ ተደጋግሞ ተነገረ። የተነገረው ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ በሽታውና ታማሚው በአድማጩ ኅሊና ውስጥ ተነጣጥለው አልተቀረጹም። በዚህም ምክንያት ብዙው ሰው ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከታመመው ጎረቤቱና ከምርመራው ጭምር ሸሸ።

ይህን ዝምታ በመስበር ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ ያበረከቱት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. መቅድም ኢትዮጵያ፣ በተከታዩም ዓመት ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት ተቋቋሙ። አባሎቻቸው በአደባባይ ቆመው ስለ ራሳቸው ሕይወት በተናገሩ ጊዜ ወጣቱ በአስፈሪው ሥዕል ፈንታ እንደ ወንድሙና እንደ እኅቱ ያለ ሰው አየ። በየትምህርት ቤቱ የነበሩት የፀረ ኤድስ ክበባትም በሚኒ ሚዲያ፣ በግጥምና በድራማ ወጣቱን ከአድማጭነት ወደ አስተማሪነት አሸጋገሩት።

ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በ257 ክፍሎች በአማርኛ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው የራዲዮ ድራማና በኦሮምኛ የቀረበው «ዽምቢባ» ደግሞ ትምህርቱን ወደ ቤተሰብ ማዕድ አቀረቡት። በታላቅና በታናሽ መካከል ሊነሣ የማይደፈረው ጉዳይ የድራማውን ባለታሪኮች ተገን አድርጎ መነጋገሪያ ለመሆን በቃ። «ወገን» የተባለው የ952 የስልክ አገልግሎትም ማንነቱን ሳይገልጥ ለሚጠይቅ ሰው ምክር የሚገኝበትን በር ከፈተ።

ከሁሉ በላይ ግን የትምህርቱን ትርጉም የለወጠው የመድኃኒቱ መምጣት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በክፍያ የተጀመረው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በ2005 እ.ኤ.አ. በነጻ መሰጠት ጀመረ። «ተመርመር» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ የፍርድ ጥሪ መሆኑ ቀርቶ የሕክምና በር ሆነ፤ የአበውም ብሂል የጎደለውን ግማሽ አገኘ።

ለመሆኑ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያለው ትውልድ የተወለደው መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ነው። የዚያን ዘመን ለቅሶ አላየምና በፍርሃት ሊሰበክ አይችልም፤ ፍርሃቱን ያላየ ትውልድም ጥንቃቄውን በቀላሉ ሊዘነጋ ይችላል። ስለሆነም ባለሙያው ለወጣቱ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ፣ ማስጠንቀቂያውን የሚሰማው ልጅ ደፍሮ ሊጠይቅ ቢመጣ የሚቀበለው ሰውና የሚሰጠው አገልግሎት መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። መድኃኒት ሳያዘጋጁ «አትደብቅ» ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያለፈው ዘመን አስተምሯልና።